ቅዳሜ ቅዳሜ የሚታጠብ ወንበር

«ዛሬ ይታረቅ፤ ከጊፋታ በኋላ ግን ቤቱን ይልቀቅ።»

ቤቴል ይህን የሰማችው ገና እንቅልፏ ሳይለቃት፣ በግድግዳው በኩል ነው። ድምፁ ለሽማግሌው በስልክ የምታወራው የእናቷ የትርፌ ነበር፤ ስለ ቅቤ ዋጋ የምታወራ እስኪመስል ድረስ ዝግ ያለ። ማን እንደሚለቅ ለማወቅ መነሳት አላስፈለጋትም። ጓሮ ባለችው ክፍል የሚኖረው ሚልክያስ ነው፤ የሟች አክስቷ ባል፣ ባጃጅ ነጂው። ሚስቱ ከሞተች በኋላም ሌላ ቤት ሳያምረው፣ አማቱን አቶ ኤርሳዶን «አባዬ» እያለ እዚያው ቀርቷል። እግራቸው የከዳቸውን ሽማግሌ እሁድ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ በአዘቦቱ ደግሞ ፀሐይ ሲበርድ ወደ አስፋልቱ በዊልቸር እየገፋ የሚያወጣቸው እሱ ብቻ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ከጸሎት ሲመልሳቸው ዊልቸሩ ቁልቁለቱ ላይ ተሰብሮ ተደፉ፤ ግራ ክንዳቸውም ጄሶ ውስጥ ገባ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሚልክያስ ትልቁ ቤት አልገባም፤ ግባ ያለውም የለም። ምግቡ በሳህን ተከድኖ በጓሮ በር ይሄድለታል፣ ሳህኑም ታጥቦ በዚያው በር ይመለሳል።

ነገ ጊፋታ ነው። ወላይታ ውስጥ በአሮጌ ቂም አዲስ ዓመት አይገባም፤ የተጣላ ሁሉ ከበዓሉ በፊት ይታረቃል፣ የማይታረቅም ቢኖር ሥጋው አይጥመውም ይባላል። ስለዚህ ትርፌ ከሰዓት ሽማግሌ ጠርታለች። ዕርቁ እውነተኛ ዕርቅ ነው፤ ይጸለያል፣ ይቅር ይባባላል፣ ከዚያ ሰውየው ዕቃውን ይጭናል። እንዲህ ያለውን ጨዋነት የሚችለው ዘመድ ብቻ ነው፤ ባዳ ግን የሚያባርረው ተሳድቦ ነው።

ቤቴል አልጋዋ ላይ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ጆሮዋ ውስጥ ትናንት ማታ ትታው የመጣችው የላብራቶሪ ማሽን አሁንም ያንጎራጉራል። ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር ናት፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ማግኒዚየም ስለሚባል ቀላል ብረት ነው። ማሽኑ የብረቷን ዘንግ በሁለት ጥርሶቹ ግጥም አድርጎ ይይዝና ሲስብ ሲለቅ፣ ሲስብ ሲለቅ ይውላል። ተጣብቀው የተያዙት ዘንጉና ጥርሱ ለዓይን የማይታይ ትንሽ ንቅናቄ አላቸው፤ በዚያች ንቅናቄ ሲፋተጉ ይውሉና ዱቄት ያወጣሉ፣ ከፍትጊያው ሥርም ስንጥቅ ይጀምራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፤ ይህ ግን ወደ ስብራት የሚሄድ እንቁላል ነው። ሊሰበር ሲቃረብ ዘንጉ ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ ላብራቶሪ ውስጥ ያሉት ሁሉ ያን ድምፅ ያውቁታል፣ ሻያቸውን አስቀምጠው ይመጣሉ። ከእንቅልፍ ጋር እንደተደባለቀች በሐሳቧ ዱቄቱን አየችው፤ ግራጫ ነው። ቀጥሎ የእናቷን የመወልወያ ጨርቅ አየች፤ እሱም ግራጫ ነው። ሁለቱ ለምን ተከታትለው እንደመጡባት ሳታውቅ ተነሳች።

ሳሎኑ ለበዓሉ ተገለባብጧል። ወንበሮቹ አዲስ ዳንቴል ለብሰዋል፣ የቅቤው ሽታ ከማድቤት እስከ ደጅ ሞልቷል። አያቷ በመስኮቱ ሥር ተኝተው የጎረቤቱን ግንብ ያያሉ። በወንበራቸው ሲቀመጡ ከግንቡ በላይ መንገዱ ይታያቸው ነበር፤ ከአልጋ ግን ግንብ ብቻ ነው። «ሳሮ» አለቻቸው፣ ሰላምታዋን በወላይትኛ። «ሳሮ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይመልሱ። የተሰበረው ዊልቸር ከቁም ሣጥኑ ኋላ አንሶላ ለብሶ ቆሟል። አንድ የውጭ እንግዳ ለቤተ ክርስቲያኗ ትቶት የሄደው ነው። ትርፌ ቅዳሜ ቅዳሜ በኦሞ ታጥበዋለች፣ ውሃ ታፈስበታለች፣ በአሮጌ ቀሚሷ እስኪያብረቀርቅ ትወለውለዋለች። «አባቴ እግዚአብሔር ቤት በቆሻሻ ወንበር አይገቡም» የምትለው ነገር ነበራት። ምዕመናኑም ወንበሩን ያደንቁ ነበር፤ ትርፌ ራሷ የተመሰገነች ያህል ፊቷ ይፈካል።

ቤቴል አንሶላውን ገለጠችው። የተለያየው የፊተኛው ጎማ መያዣ ከቱቦው ጋር በብረት ቀለበት ከሚታሰርበት ቦታ ላይ ነው። ቁራጩን አነሳችው፤ ቀላል ነው፣ ሁለት ጣት ይበቃዋል። አሉሚኒየም ነው ሲባል እሷም አሉሚኒየም ነው ብላ አልፋለች፣ በሙያዋ ብረት ስትመዝን የምትውለው ልጅ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ወደ ማድቤት ይዛው ገባች፣ ጠርዙን በቢላ ፋቅ አድርጋ ከሎሚዎቹ አንዱን ቆረጠችና ጠብ አደረገችበት። ብረቱ ሹክ እያለ አረፋ ደፈቀ። ጎንበስ ብላ አረፋውን ስታይ ቤቱም በዓሉም የራቋት መሰላት።

«ሎሚውን ለዳጣው በርበሬ ነው የገዛሁት» አለች ትርፌ ከኋላዋ።

«አንድ ብቻ ነው፣ እማዬ።»

«በበዓል ዋዜማ አንድ ብቻ የሚባል ሎሚ የለም።» ከዚያ ልጇ እጅ ላይ ያለውን አየች፤ ፊቷ ተዘጋ። «ያንን ነገር ከፊቴ አንሺልኝ» ብላ ወደ ቅቤዋ ዞረች።

አሉሚኒየም በሎሚ እንዲህ አይፈላም፤ የምታጠናው ማግኒዚየም ግን ይፈላል። ቤቴል ቁራጩን በፌስታል ጠቅልላ በጓሮ በር ወጣች። ሚልክያስ ባጃጁን እያጠበ ነበር፤ ወዴት እንደምትሄድ ስትነግረው ባልዲውን ደፍቶ አስነሳ። ፌስታሉ ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቀም። ጭጋጉ ከዳሞታ ተራራ ወርዶ ከተማዋ ላይ ተኝቷል፤ ከፊት የሚመጡት ባጃጆች መብራታቸው ቀድሞ ይታይና አካላቸው ኋላ ይደርሳል። በሬ የሚጎትቱ ሰዎች ከበዴሳ መንገድ ይመጣሉ፤ የአንዱ በሬ ቀንድ ላይ የበዓል አበባ ታስሯል። ሚልክያስ እያንዳንዷን ጉድጓድ በዝግታ ይዞራል፤ ድሮ እንዲህ አይነዳም ነበር። ከኋላ ያለው ክላክስ ቢያደርግበትም አልሰማም።

«አረካ ከተማ ባጃጅ ይፈለጋል ይላሉ» አለ ድንገት። «ክፍልም አይጠፋም።»

«ማን ሂድ አለህ፣ ጋሼ?»

«ማንም። እኔ ነኝ።» አንዲት ጉድጓድ ዞረ። «ቁልቁለቱ ላይ አንዲት ጠጠር ነበረች። አይቻታለሁ። አልፋታለሁ ብዬ ነው። ማታ ማታ ያቺን ጠጠር አያታለሁ፣ ቤቴል፤ እኔ ነኝ የጣልኳቸው።»

ቤቴል አንዳች ነገር ልትለው አሰበች። ግን እርግጠኛ ያልሆኑበትን ተስፋ ለሰው መስጠት ጭካኔ ነው፤ ፌስታሉን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች። የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሲያወርዳት የትራንስፖርቱን አልቀበልም አላት፤ እንደ ሁልጊዜው።

ላብራቶሪው ቅዳሜ ሰው የለበትም። ጥበቃው ደግፌ በሩን ከፈተላትና «በዓልም የላችሁ እናንተ» ብሎ ሳቀባት። ማሽኑ እንደተወችው ሲስብ ሲለቅ ያንጎራጉራል። ቁራጩን አጉሊ መነጽሩ ሥር አስገባችና ዓይኗን አስጠጋች። መጀመሪያ ምንም አልታያትም፣ ብርሃን ብቻ። ቀስ ብሎ የስብራቱ ገጽ ተገለጠ፤ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ የጠቆረ ሜዳ፣ በላዩ የሐይቅ ዳር ሞገድ ትቶት እንደሚሄደው ዓይነት የታጠፉ መስመሮች። መስመሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ያመለክታሉ፤ የብረቱ ቀለበት ቱቦውን አቅፎ ከያዘበት ጠርዝ። እዚያ ጠርዝ ላይ የፍትጊያው ጠባሳ አለ። በሌላው ዳር ደግሞ ጥፍር የምታህል ሻካራ፣ ነጭ፣ አዲስ ስብራት። ያን እሁድ የተሰበረው ያቺ ብቻ ናት። ሌላው ለወራት ሲሰበር የኖረ ነው። ጠጠሯ ባትኖር በሚቀጥለው እሁድ ያለ ጠጠር ይሰበር ነበር፤ የሚገፋው መልአክ ቢሆንም እንኳ።

ቤቴል ብቻዋን ሳቀች። ጋሼ ሚልክያስ አልጣላቸውም! ስልኳን አወጣች፣ ልትደውልለት። ከመደወሏ በፊት ግን አንድ ጊዜ ልይ ብላ ዓይኗን መለሰች፣ ባትመልስ ይሻላት ነበር። ከቀለበቱ ሥር ግራጫው ዱቄት ታጭቋል። በእሷ ማሽን ላይ ዱቄቱ ከሥር ሞልቶ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። እዚህ ግን ከቀለበቱ ውጭ ያለው ብረት ንጹሕ ነው፤ ተወልውሏል፣ አንድ ብናኝ የለበትም። ቅዳሜ ቅዳሜ የወጣው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተጠርጓል። ከጠባሳው አጠገብም ውሃ የበላቸው ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ ይህ ብረት ከሌላ ብረት ጋር ተጣብቆ ውሃ ሲያገኘው አይወድም፣ በተለይም የሳሙና ውሃ ገብቶበት ሲያድር። የእናቷ እጅ አጉሊ መነጽሩ ሥር ታያት። ሚልክያስን የሚያወጣው እውነት እናቷን ያስገባል።

እዚያው ተቀመጠች። ማሽኑ ያንጎራጉራል፣ ጭጋጉ በመስኮቱ መስታወት ላይ ይሄዳል። እንቅልፍ ይሁን ሐሳብ ያልለየለት ነገር ውስጥ ገባች፤ እናቷ ጓሮ ውሃ ስታፈስ፣ ውሃው ወንበሩን አልፎ፣ ክፍሎቹን አልፎ፣ የሚልክያስን አልጋና ሻንጣ ይዞ በበሩ ሲወጣ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ስትባንን ቀኑ ሄዷል። ብትናገር እናቷን በሽማግሌ ፊት ልታዋርድ ነው፣ ዝም ብትል ደግሞ አንድ ሰው ያላጠፋውን ጥፋት ተሸክሞ አረካ ይገባል። የምትለውን ሳትወስን ወደ ቤት ተመለሰች።

ስትደርስ ሰዎቹ ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ጋሽ ጩማ፣ ጎረቤትና የቤተ ክርስቲያን መሪ፣ ዳንቴል ከለበሰው ሶፋ ላይ ናቸው። ትርፌ አጠገባቸው፣ አያቷ ትራስ ተደግፈው አልጋቸው ላይ። ሚልክያስ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፀጉሩን አርሷል፣ ለመዳኘት የመጣ ሳይሆን ፎቶ ሊነሳ የመጣ ይመስላል። ቤት ውስጥ በሙሉ ወላይትኛ ነው የሚነገረው። መጀመሪያ ስለ በሬ ዋጋ ተወራ፣ ቀጥሎ ስለ ቅቤ፣ የዘንድሮው የቅቤ ዋጋ አምና የበግ ዋጋ ነበር ተባለ። ወሬው ሲያልቅ ጋሽ ጩማ አጭር ጸሎት አደረጉና ትርፌን አዩ።

ትርፌ ቀሚሷን በጣቶቿ እያጠፈች ተናገረች። ቂም የላትም። ሚልክያስ እህቷን አክብሮ ኖሯል፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ግን አባቷ አርጅተዋል፣ ቤቱም ጠቧል፤ ከበዓሉ በኋላ እሱም የራሱን ኑሮ ቢጀምር ለሁሉም ጥሩ ነው። አልጋው ላይ ሽማግሌው አንገታቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉ። ይህን ከዚያ በፊት አልሰሙም ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ሚልክያስ፣ መሬት እያየ። «አባዬን ጥያቸዋለሁ። ይቅር በሉኝ።»

«ጥሩ ተናገርክ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ጩማ። እጃቸውን ለማጠቃለያው ጸሎት ሲያነሱ ቤቴል ብድግ አለች።

«አልጣላቸውም» አለች። ቁራጩን ከፌስታሉ አውጥታ ጋሽ ጩማ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው፤ የጠቆረውንና ነጩን በጣቷ አሳየቻቸው። ይሄኛው የቆየ ነው፣ ይሄኛው የዚያን ቀን ነው አለች። ብረቱ እየደከመ ነበር፣ ቀለበቱ በያዘው ቦታ ሲፋተግ፣ ለወራት። ያን ቀን የተረፈችው ይህች ብቻ ነበረች።

ጋሽ ጩማ ቁራጩን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ከዚያ ማንም ቅን ሰው የሚጠይቀውን ጠየቁ። «ይህ ሁሉ ሲሆን ምልክት የለውም?»

ቤቴል ዋሽታ የለውም ልትል ነበር። አፏ ግን ለዚህ አልሠለጠነም። «ዱቄት ያወጣል» አለች፣ ወደ እናቷ ሳታይ። «ግራጫ ዱቄት።»

ትርፌ ቀሚሷን ማጠፍ አቆመች። ማድቤት የተጣደው ነገር ይንተከተካል፣ ውጭ በሬ ይጮኻል። «ጨርቁ ይጠቁር ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያች ቀለበት ጋ ስደርስ ይጠቁራል። የመንገድ አቧራ ነው ብዬ... በጥርስ ብሩሽ እያወጣሁ...» እጆቿን አየቻቸው። «እኔ ነኛ! እኔ ጠርጌው እኮ ነው።»

«አታውቂም ነበር፣ እማዬ። እኔ ነኝ የማውቀው፤ አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁትም» አለች ቤቴል፣ እንባዋ እየመጣ። ትርፌ ግን አልሰማቻትም፤ ሚልክያስን እያየች ነው፣ ሚልክያስ ደግሞ መሬቱን።

«እኔ ሰምቼዋለሁ።»

ሁሉም ወደ አልጋው ዞሩ። አቶ ኤርሳዶ ጄሶ የገባ ክንዳቸውን በደህናው እጃቸው አቅፈው ተቀምጠዋል። «ከፋሲካ ጀምሮ ይጮኽ ነበር። ከሥሬ፣ ጫጩት የሚመስል ድምፅ። ሚልክያስ የሚሰማው የሞተር ጩኸት ብቻ ነው፣ ጆሮውን ባጃጅ በልቶታል። እኔ ግን እሰማለሁ። ብናገር ወንበሩ ተበላሸ ትላላችሁ፣ ይቅር፣ ቤት ይቀመጡ ትላላችሁ። ዝም አልኩ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ከተደፋሁም በኋላ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የገፊው ከሆነ ሌላ ወንበር ይፈለጋል፣ ጥፋቱ የወንበሩ ከሆነ ግን ወንበር የሚባል ነገር ሁለተኛ እዚህ ቤት አይገባም ብዬ። አስተዋይ መስሎኝ። ቤቱን ይልቀቅ ማለታችሁን ዛሬ ገና ነው የሰማሁት።» ዓይናቸው ወደ በሩ ሄደ። «ሚልክያስ፣ መንገዱን ማየት ፈልጌ ነው አንተን የሸጥኩህ።»

ሚልክያስ ከዱካው ተነሳ። ይቆጣል ብለው የጠበቁ ነበሩ፤ መብቱም ነበር። እሱ ግን ወደ አልጋው ሄዶ የተንሸራተተውን ትራስ አስተካከለና እዚያው ተንበርክኮ ፊቱን ፍራሹ ውስጥ ቀበረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሐሳቡ ያቺን ጠጠር ሊያልፋት ሲሞክር የኖረ ሰው ነው። ጋሽ ጩማ እጃቸውን ለጸሎት አንስተው ነበር፣ «አሜን» ብቻ ብለው አወረዱ።

«አዝለኝ» አሉ አቶ ኤርሳዶ። «ውጣና አሳየኝ።»

ትርፌ ክንድዎ፣ ጄሶዎ ማለት ጀምራ ተወችው። ራሷ መጥታ አባቷን ከወገባቸው ደግፋ አነሳች፣ ሚልክያስ ጀርባ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ የተሰበረውን ክንድ በሁለት እጇ ይዛ ከኋላ ተከተለች። ሚልክያስ ከሦስት ሳምንት በኋላ በዋናው በር ወጣ። ጭጋጉ ተገልጧል፤ የዳሞታ ራስ ፀሐይ መትቶታል። አስፋልቱ ሞልቷል፤ በሬዎች፣ የሣር ሸክሞች፣ ፀጉራቸውን የተሠሩ ልጃገረዶች፣ ጡሩምባቸውን የሚነፉ ባጃጆች። ነጂዎቹ ሚልክያስን በዚያ ሁኔታ ሲያዩት «አዲስ ባጃጅ ገዛህ እንዴ?» ብለው ይጮኻሉ። አቶ ኤርሳዶ አገጫቸውን የአማቻቸው ትከሻ ላይ አድርገው ያያሉ፣ አይናገሩም፤ ቤቴል ፊታቸውን አይታ ዓይኗን ወደ ሌላ መለሰች። ጥቂት እንደቆሙ ሚልክያስ ሸክሙን ለማስተካከል አንዴ ከጉልበቱ ሸብረክ ብሎ ቀና አለ።

ሽማግሌው አንገታቸውን አዘነበሉ፤ ሰሙ።

«ይጮኻል!» አሉ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር። «ጉልበቱ ይጮኻል! ለልጄ ወንበር አምጡለት!»

ትርፌ የአባቷን ክንድ ለቤቴል ሰጥታ ዱካውን ልታመጣ ሮጣ ገባች።